የመሳቢያዬ ዕቃዎች

ከመምህርነት ሥራዬ በጡረታ በተሰናበትሁበት ዕለት ከክፍሌ ይዤው የወጣሁት ሀብት አንዲት የጠረጴዛ መሳቢያ ሙሉ ዕቃ ነበር። በውስጧ መጽሐፍም ሆነ የምስክር ወረቀት አልነበረም። ጎማዎቿ ከቆርኪ የተሠሩ የሽቦ መኪና፣ ከጭቃ የተቀረጹ ሁለት በሬዎች፣ ባለ 4 ቀዳዳ የመቃ ዋሽንት፣ ከቁራጭ ጨርቅ የተሰፋች አሻንጉሊት፣ እንዲሁም ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ፣ ዕድሜ ያመነመናት የደንገል ታንኳ ነበሩ። እነዚህን ሁሉ በልዩ ልዩ ዓመታት ከተማሪዎቼ እጅ የነጠቅሁት እኔው ነኝ። «የትምህርት ሰዓት የጨዋታ ሰዓት አይደለም» የሚለውን ቃል ከ30 ዓመት በላይ ስናገር ኖሬአለሁ፤ በተናገርሁ ቁጥርም መሳቢያዬ በአንድ ዕቃ ይበለጽግ ነበር።

ዕቃዎቹን በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስመለከታቸው አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የማርክ መዝገቤ ያልነገረኝን ይህች መሳቢያ ይዛልኝ ኖራለች። መዝገቡ ልጆቹ ያላወቁትን ሲቆጥር፣ መሳቢያዋ የሚያውቁትን ታከማች ነበር። ከእነዚህ ዕቃዎች የአንዷን፣ የደንገሏን ታንኳ ታሪክ ለአንባቢ ለማቅረብ የተነሣሁት፣ ልጅ ለሚያስተምር፣ ልጅ ለሚያሳድግና ጥበብን ለሚያፈቅር ሁሉ የምትነግረው ነገር አላት ብዬ ስለማምን ነው።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነው። በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል መምህር ነበርሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተማሪዬ ከኋለኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጥግ ይቀመጣል። ሲያነብ ቃሉን በየፊደሉ እየሰበረ ነው፤ የቃል ጽሕፈት ሲሰጥ ከግማሽ የሚበልጠውን ይስታል፤ ጽሕፈቱ ደግሞ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። አባቱ ከሐይቁ ማዶ ማገዶ በታንኳ እያመጣ በከተማው ይሸጣል። በእኔ መዝገብ ላይ የልጁ ስም ካለበት መስመር ቀይ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ጧት የክፍልፋይ ሒሳብ በማስተማር ላይ እንዳለሁ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከጠረጴዛው ሥር አንዳች ነገር ሲጎነጉን አየሁት። ቀስ ብዬ ሄጄ እጁን ያዝሁ። በመዳፉ ላይ የነበረችው ከደንገል የተሠራች ትንሽ ታንኳ ናት። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ልጁ አላለቀሰም፤ ይቅርታም አልጠየቀም። ታንኳዋን ወደ መሳቢያዬ ስወስዳት ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ውሃ እንዳይነካት፤ ገና አልደረቀችም» አለኝ። ድፍረት መሰለኝና አስቀመጥሁት። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት ስለሚደርስበት ቅጣት ሳይሆን ስለ ሥራው ይጨነቅ እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ አባትየው መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ «የኔታ፣ ልጁ ለትምህርት አልሆነ እንደሆነ ይንገሩኝ። ከእኔ ጋር እንጨት ቢያመላልስ ለቤቱ ይጠቅማል» አሉኝ። ዛሬ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልተከራከርሁም። የማርክ መዝገቡን ገልጬ አሳየኋቸው። «እንግዲህ እንደፈቀዱ ነው» አልሁ።

በዚያች ሰዓት የእጅ ሥራ መምህሩ ባልደረባዬ ከአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሳቅ ብዬ ያሳየሁትን የታንኳ ነገር አስታውሶ ኖሮ መሳቢያዬን ስቦ አወጣት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አገላበጣት። እስሮቹ እንደ እውነተኛው ታንኳ ከወፍራም ወደ ቀጭን እየሳሱ የተደረደሩ ናቸው፤ ማሰሪያው በየስንዝሩ ሳይሆን ጫናው በሚበዛበት በመሐል ጠበቅ ጠበቅ ብሎ፣ በጫፍና በጫፍ ሳሳ ብሎ የተሠራ ነው። «ይህን ለልጁ ማን አሳየው?» ሲል አባትየውን ጠየቀ። «ማንም አላሳየው፤ ቆሞ እያየ ነው» አሉ። ባልደረባዬም፣ «እንግዲያውስ እስከ ሰኔ ይተዉልን» አላቸው። አባትየው ጥቂት አሰቡና፣ «እስከ ሰኔ» ብለው ተስማሙ። የአንድ ልጅ ዕድል እንዲህ በ5 ወር ቀጠሮ ተንጠለጠለ።

የእጅ ሥራ መምህሩ ያዘጋጀው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም፤ አንድ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ፣ ከሐይቁ ዳር የተቆረጠ እቅፍ ደንገል፣ የሲባጎ ገመድ፣ በእፍኝ የተለቀመ ጠጠር፣ ከአንድ በትርና ከሁለት ባዶ ጣሳ የተሠራ ሚዛን። ከዚያም ለልጁ አንድ ጥያቄ ብቻ ሰጠው፤ «ታንኳህ ሳትሰምጥ ስንት ጠጠር ትሸከማለች?» መልሱን አልነገረውም፤ እኔም እንዳልነግረው በዓይኑ ከለከለኝ።

ልጁ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየቀኑ ከሳፋው ጎን አይጠፋም። በመጀመሪያ በደንገላቸው ብዛት እኩል የሆኑ ሁለት ታንኳዎች ሠርቶ፣ ሰፋ ያለችው ከጠባቧ ይልቅ ሳትገለበጥ ብዙ ጠጠር እንደምትይዝ አወቀ። በማግሥቱ ያችኑ ታንኳ ሲጭናት የትናንቱን ያህል መሸከም ተሳናት። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳ ነጂዎች ከጉዞ መልስ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው የሚያደርቋት ስለዚህ ነው፤ ይህን በሐይቁ ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ምን ያህል እንደምትጠጣ ግን ልጁ መለካት ፈለገ። ደረቋ ታንኳ በሚዛን 12 ጠጠር አነሣች፤ በውሃ ላይ ካደረች በኋላ 20 ሆነች። እኔ በዚያ ሳልፍ፣ «ጋሼ፣ ይህችን ታንኳ አምስት ቦታ ብንከፍላት ሁለቱ እጅ ውሃ ነው» አለኝ።

ባለሁበት ቆምሁ። ያን ትምህርት 3 ሳምንት ሙሉ በጠመኔ ስጽፍና ስደልዝ የከረምሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ በፈተናው ላይ ዜሮ ያገኘበትም እርሱ ነው። በቋንቋችን የአንድን ነገር ክፍል «እጅ» ብለን እንደምንጠራ ያስተዋልሁት ያን ዕለት ነበር። አባቶቻችን ሲካፈሉ በእጃቸው ነበርና፣ ሒሳቡ ስሙን ያገኘው ከሠራው አካል ነው። እኔ ግን ከእጅ ነጥቄ በሰሌዳ ላይ ብቻ ሰቅየው ኖሬአለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ አስገረመኝ። ልጁ የለካውን እንዳይረሳ መጻፍ አስፈለገው። የእጅ ሥራ መምህሩ አንድ ደብተር ሰጠውና «የታንኳ መዝገብ» የሚል ርእስ ጻፈበት። ንባብ ሲባል ይደበቅ የነበረው ልጅ በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ እየመጣ፣ «ጋሼ፣ ‹ሰመጠች› የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው በንጉሡ ሠ?» ይለኝ ጀመር። ጽሕፈቱ አሁንም ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ነገር ግን ስለሚያውቀው ነገር የሚጽፍ ሰው ጽሕፈት ነበርና መነበብ ጀመረ። እኔ በድካሙ በኩል ገብቼ ላነቃው ስታገል የኖርሁትን ልጅ፣ ባልደረባዬ በብርታቱ በኩል ገብቶ ድካሙንም አብሮ አነሣለት።

በመጋቢት ወር ባልደረባዬ ሌላ ነገር አመጣ። በ1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል፣ የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት መነሣቱን ለልጁ ተረከለት። ለመርከቡ የሚሆነው ደንገል የተወሰደው ከዚሁ ከጣና ነው። የቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎች በግብፅ፣ በፒራሚዶቹ አጠገብ ሠሩት፤ ስሙም «ራ» ተባለ። ከሞሮኮ ጠረፍ ተነሥቶ በአትላንቲክ ላይ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ጅራቱ እያዘቀዘቀ ውሃ ገባበትና ባሕረተኞቹ ትተውት ለመውጣት ተገደዱ። በጥንት የግብፅ መርከቦች ላይ ወደ ላይ የተቆለመመውን ጅራት ከወለሉ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ነበር፤ በ«ራ» ላይ ግን ያ ገመድ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ባለሙያዎች የተሠራው ሁለተኛው «ራ» በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ።

ልጁ ትረካው ካለቀ በኋላ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ። በኋላም፣ «ደንገሉ የኛ ከሆነ ለምን የኛን ሰው አልጠየቁም?» አለ። ይህን ለመመለስ ሁለታችንም አልቻልንም። በማግሥቱ ግን ጅራታቸው የተቆለመመ ሁለት ታንኳዎች ሠርቶ፣ የአንደኛዋን ጅራት በሲባጎ ወደ ወለሏ አስሮ፣ የሁለተኛዋን ነፃ ትቶ፣ ሁለቱንም እኩል ጭኖ፣ ሳፋውን በእጁ ያናውጠው ነበር። ሳፋችን አትላንቲክ አልነበረም፤ ቢሆንም በሦስተኛው ቀን ያልታሰረችው ጅራቷን ጣለች። የታሰረችው ገመዷ እየሳበና እየለቀቀ ከማዕበሉ ጋር ትነሣና ትወድቅ ነበር።

ባልደረባዬ እንግዲህ ከእኛ የሚበልጥ መምህር ያስፈልገዋል ብሎ አንድ አረጋዊ ታንኳ ሠሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ጋበዘ። በጣና ዳርቻ የታንኳ ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ለብዙ ዘመን በንቀት ዓይን ሲታይ በኖረው በወይጦ ማኅበረሰብ ዘንድ ነው፤ አረጋዊውም ከእነርሱ ወገን ነበሩ። በቀጠሮው ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆመው አገኘናቸው። «ግቡ እንጂ» ብንላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ እማስተምር» ብለው ወደ ኋላ አሉ። በመጨረሻ ያስገባቸው ልጁ ነው። ታንኳውን ይዞ ወጥቶ፣ «አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ማሰሪያው ይላላብኛል» አላቸው። አረጋዊው ታንኳዋን ተቀብለው ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ደንገሉን በጉልበታቸው እየተጫኑ፣ እርጥብ ሳለ አጥብቆ ማሰር ሲደርቅ እንደሚያላላው፣ ስለዚህም ጠውልጎ ሳለ መታሰር እንዳለበት አሳዩት። 70 ያህል ተማሪዎች ከበው ይመለከቱ ነበር። እጅ የሚያውቀውን ዕውቀት እውነተኛ ዕውቀት ነው ብለን በክፍል ከምንናገረው ንግግር ሁሉ ያች አንዲት ከሰዓት በኋላ ትበልጥ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሁለተኛውን ስሕተቴን ልደብቅ አይገባኝም። በግንቦት የትምህርት ቤቱ የሥራ ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ልጁን ንቄው የነበርሁት እኔ አሁን በእርሱ ልኮራበት ፈለግሁ። ለእንግዶች የሚያነበውን ንግግር እኔው ጻፍሁለት። ቃላቱ የእኔ ነበሩ፤ ረዣዥምና የተጌጡ። ልጁ ከታንኳዎቹ ኋላ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ በሁለተኛው መስመር ተሰናከለ፤ በአራተኛው ቆመ። ከኋላ ሣቅ ተሰማ። ወረቀቱን ሳፋው ላይ ጥሎ ወጣ። ቀለሙ በውሃው ላይ ሲሟሟ ቆሜ አየሁ። ማንም እንግዳ፣ «ስንት ጠጠር ትሸከማለች?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ ያለ ወረቀት አንድ ሰዓት ይናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጁ ሳፋው አጠገብ አልደረሰም። በመጀመሪያ ታንኳውን ከእጁ ነጠቅሁት፤ በሁለተኛው ሥራውን ከልቡ ነጠቅሁት። የፊተኛው ንቀት፣ የኋለኛው ውዳሴ ይመስላል፤ ለልጁ ግን ልዩነት አልነበራቸውም። ተሰጥኦ ያለውን ልጅ እንደ ጌጥ አውጥቶ ማሳየት የወላጅም የመምህርም ፈተና ነው፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ ጭብጨባ ስንፈልግ ሥራውን እናጣለን።

ባልደረባዬ አልወቀሰኝም፤ ልጁንም አልለመነውም። አንድ እቅፍ አዲስ ደንገል አምጥቶ በእጅ ሥራ ክፍሉ በረንዳ ላይ አኖረና ዝም አለ። አንድ ሳምንት ደንገሉ እንዳለ ተቀመጠ። በሁለተኛው ሳምንት ከእቅፉ ጥቂት ጎድሎ አገኘነው። ማን እንደወሰደው ማናችንም አልጠየቅንም።

ልጁ በሰኔ አለፈ፤ በብልጫ ሳይሆን ለጥቂት። አባትየው ወረቀቱን ተቀብለው፣ «እንግዲህ ይማር» አሉ።

ይህ ነገር በጣና ዳር ብቻ የሚሠራ እንዳልሆነ ከዚያ ወዲህ ባስተማርሁባቸው ዓመታት አይቻለሁ። ገበጣ ላይ ማንም የማያሸንፋት ልጃገረድ ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ሳትነካው ቆጥራ ትጨርሳለች፤ ለእርሷ የሒሳብ መንገድ በገበጣው ጉድጓዶች በኩል ያልፋል። ክራር የሚደረድር ልጅ ክሩን እኩሌታው ላይ ቢጫነው ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እንደሚመለስ ጣቱ ያውቃል፤ መምህሩ የሚጠበቅበት ጣቱ ያወቀውን እንዲለካ ማስመሪያ መስጠት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ብሪታንያ የሄደው ምሕንድስና ለመማር ነበር፤ አፈወርቅ ተክሌም የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር የተላከው። አንዱ በሙዚቃ፣ ሌላው በሥዕል ጸኑ፤ መሣሪያውንና ብሩሹን የሚጨብጡበት ስፍራ አግኝተዋልና። ያን ስፍራ ያላገኙት ስማቸው ስለማይጻፍ ልንቆጥራቸው አንችልም።

እኛ ግን የሚጠይቀውን ልጅ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለን ስናስፈራራ ኖረናል። ለባለ ተሰጥኦ ልጅ የሚያስፈልገው ውድ ዕቃ አይደለም። እጁ የሚጨብጠው ነገር፣ መልሱ ያልተነገረው ጥያቄ፣ ሥራውን ከልቡ የሚያውቅ አዋቂ፣ ተሳስቶ ሊደግም የሚችልበት ጊዜ ይበቃዋል። ከሁሉ የሚከብደው አራተኛው ነው፤ የልጁን መሳሳት ቆሞ ለማየት ትዕግሥት ይጠይቃልና። ባልደረባዬ ያን ትዕግሥት ነበረው፤ እኔ ከእርሱ ስማር ፀጉሬ ሸበተ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ሄጄ በሐይቁ ዳር ስዘዋወር፣ የሞተር ጀልባ ገልብጦ ሆዷን የሚጠግን ጎልማሳ «ጋሼ!» ብሎ ጠራኝ። ከ8ኛ ክፍል በኋላ የእንጨትና የብረት ሥራ ተምሮ የራሱን መጠገኛ ከፍቷል። ሊቅ አልሆነም፤ ስሙም በጋዜጣ አልወጣም። ነገር ግን የጀልባዋን ጅራት እየደባበሰ ጫናው የት ላይ እንደሚያርፍ ሲያስረዳኝ፣ ከሳፋው አጠገብ የነበረው ያው ልጅ ነበር። ስለያየው፣ «ጋሼ፣ ያች የወሰዱብኝ ታንኳ አለች?» አለኝ። አለች አልሁት። ፈገግ ብሎ፣ «እንግዲህ አሁን ደርቃለች» አለ።

የእርሱ ታንኳ ባለቤቷ ታውቋል። በቤቴ ጠረጴዛ ላይ አጠገቧ የሽቦዋ መኪና ቆማለች። የፊት ጎማዎቿ በመሪ ይዞራሉ፤ ይህንንም ለመሥራት አንድ ልጅ ብዙ ቀን ሳይደክም አልቀረም። የማን እንደነበረች ለማስታወስ ደጋግሜ ሞክሬአለሁ፤ እስካሁን አልመጣልኝም።